ከኩላሊት በላይ ስላሉት ዕጢዎችና በእነርሱ ላይ ስለሚበቅሉ እብጠቶች

በጣርማ በር ወረዳ ከሚገኙ አጥቢያዎች ጋር በምናከናውነው ሥራ ደጋግሞ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። ከምእመናን አንዱ ታሞ ከደብረ ሲና ይነሣል፤ በጣልያን ዘመን የተፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ብርሃን፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ሲመለስ በእጁ የሐኪም ወረቀት፣ በአፉ ደግሞ «ዕጢ ተገኘብኝ» የሚል ቃል ይዞ ነው። ሰበካ ጉባኤው ይሰበሰባል። ገሚሱ «ለቀዶ ሕክምና ገንዘብ ይዋጣለት» ይላል፤ ገሚሱ «ነቀርሳ ከሆነ ገንዘቡ ለምን ይባክናል? ጠበል ይግባ እንጂ» ይላል። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት በቅንነት ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም የፈረዱት የተገኘው ነገር ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ ነው።

የችግሩ አንዱ ሥር ቋንቋችን ውስጥ ይገኛል። «ዕጢ» የምንለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይሸከማል። አንደኛው እግዚአብሔር በእያንዳንዱ ሰው አካል ውስጥ ያኖረው፣ ንጥረ ቅመም ወይም ሆርሞን የሚያመነጭ ጤነኛ የሰውነት ክፍል ነው፤ ሁለተኛው ያለ ቦታው ወይም ያለ ልኩ የበቀለ እብጠት ነው። «ነቀርሳ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ስንል በተሕዋስ የሚመጣውን፣ በወራት መድኃኒት የሚድነውን ቲቢን ማለታችን ነው፤ ነቀርሳ ብቻ ስንል ደግሞ ካንሰርን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ጤነኛውን የሰውነት ክፍል ዕጢ፣ በእርሱ ላይ የበቀለውን እብጠት፣ ክፉውን እብጠት ካንሰር፣ ተሕዋሱ የሚያመጣውን በሽታ ቲቢ እያልን እንጠራለን።

ነገሩን ለማስረዳት ከእንቅርት የተሻለ ምሳሌ በደጋው አገር አይገኝም። እንቅርት በአንገት ላይ ያለው ዕጢ ሲያድግ የሚታይ ነው። እናቶቻችን ዐሥርና ሃያ ዓመት ተሸክመውት ሲኖሩ ስላየን እንቅርት ሁሉ ካንሰር እንዳልሆነ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። አንዳንዱ እንቅርት ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ አንዳንዱ ሆርሞን አብዝቶ እያመነጨ ሰውነትን ያከሳል፣ ልብን ያስመታል፤ ጥቂቱ ደግሞ ካንሰር ሆኖ ይገኛል። በሆድ ውስጥ፣ ከዓይን በተሰወረ ስፍራ ያሉት አድሬናል የተባሉት ዕጢዎች የሚደርስባቸውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ዕጢዎቹና ሥራቸው

አድሬናል ዕጢዎች ሁለት ናቸው። በእያንዳንዱ ኩላሊት ጫፍ ላይ እንደ ቆብ ተደፍተው ይገኛሉ፤ የአንዱ ክብደት ከ4 እስከ 5 ግራም ቢሆን ነው። ከኩላሊት ጋር ጎረቤት ይሁኑ እንጂ በሥራ አይገናኙም፤ «ኩላሊቴን ታመምሁ» የሚል ሰው ስለ እነርሱ እየተናገረ አይደለም። ጣልያናዊው የአካል ተመራማሪ ባርቶሎሜዎ ኤውስታኪ በ16ኛው መቶ ዓመት ሥዕላቸውን ቢያሳይም፣ ለምን እንደ ተፈጠሩ ሳይታወቅ ሦስት መቶ ዓመት ያህል አልፏል።

እያንዳንዱ ዕጢ ቅርፊትና አስኳል አለው። ቅርፊቱ ሰውነት ረኃብን፣ ቁስልንና ትኩሳትን እንዲቋቋም የሚያደርገውን ኮርቲሶልን፣ የጨውንና የውኃን ልክ የሚጠብቀውን አልዶስቴሮንን፣ እንዲሁም ጥቂት የወንዴነት ሆርሞኖችን ያመነጫል። አስኳሉ አድሬናሊንንና ኖርአድሬናሊንን ይረጫል። በጨለማ ጅብ ድንገት ሲገጥመን ልባችን የሚዘለው፣ እጃችን የሚቀዘቅዘው፣ እግራችን ለሩጫ የሚነሣው በዚሁ በአስኳሉ ሥራ ነው።

ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች

በአድሬናል ዕጢ ላይ እብጠት መኖሩ ሲታወቅ ሐኪም ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻ ይጠይቃል። ካንሰር ነው ወይስ አይደለም? ሆርሞን አብዝቶ ይረጫል ወይስ አይረጭም? ሐኪሞች ካንሰር ያልሆነውን «ቢናይን»፣ ካንሰር የሆነውን «ማሊግናንት» ይሉታል። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ይሰማል፤ «ካንሰር አይደለም» ከተባለ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለናል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ካንሰር ያልሆነ ነገር ግን አድሬናሊን የሚረጭ የለውዝ ፍሬ የሚያህል እብጠት፣ ሆርሞን ከማያመነጭ ትልቅ እብጠት ይልቅ ፈጥኖ ሊገድል ይችላልና።

መልካሙን ዜና አስቀድመን እንናገር። በሌላ ምክንያት የሆድ ሲቲ ስካን ከተነሡ አዋቂዎች መካከል ከመቶው በአራቱ ገደማ በአድሬናል ዕጢ ላይ ያልታሰበ እብጠት ይገኛል፤ በሽምግልና ዕድሜ ቁጥሩ ይጨምራል። ከእነዚህ የሚበዙት ካንሰርም አይደሉም፤ ሆርሞንም አያበዙም። መቁረጥ አያስፈልጋቸውም። ለጨጓራ ወይም ለሐሞት ጠጠር ሄዶ «በዚያው ዕጢ ተገኘብህ» የተባለ ምእመን ቢኖር ዕድሉ በአብዛኛው ከእነዚህ ወገን መሆን ነው።

መለያው እንዲህ ነው። ከ4 ሴንቲ ሜትር ያነሰ፣ ዳርቻው የተስተካከለ፣ በሲቲ ስካኑ ላይ ስብ የበዛበት ሆኖ የሚታይ እብጠት በጎ ምልክት ነው። የስቡን ነገር ሐኪሞቹ በቁጥር ይለኩታል፤ በሲቲው መለኪያ 10 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ እጅግ ያረጋጋል። ከ4 ሴንቲ ሜትር ሲበልጥ ጥርጣሬ ይነሣል፤ ከ6 ሲያልፍ ጥርጣሬው ይበረታል። አልትራሳውንድ ብቻውን ለዚህ አይበቃም።

ብዙ ቤተሰቦች «ለምን በመርፌ ናሙና አይወሰድም?» ብለው ሐኪሙን ይወቅሳሉ። በጡት ወይም በአንገት እብጠት ላይ የሚደረገው በአድሬናል ላይ እንደ ዘበት አይደረግም። እብጠቱ አድሬናሊን የሚረጭ ከሆነ መርፌው ሲነካው በአንድ ጊዜ የሚለቀቀው ሆርሞን የደም ግፊትን አስፈንጥሮ ሰውን እዚያው አልጋው ላይ ሊገድል ይችላል። አስቀድሞ የሆርሞን ምርመራ ይደረጋል፤ ናሙና የሚወሰደውም ለጥቂቶች ብቻ ነው።

በድንገት የሚያንቀጠቅጠው ሕመም

ካህናት አባቶች በልዩ ትኩረት እንዲያነቡት የምንሻው ክፍል ይህ ነው። ከአስኳሉ የሚነሣው እብጠት ፊዮክሮሞሳይቶማ ይባላል። ስሙ ከባድ ነው፤ ጠባዩ ግን ለመለየት አያስቸግርም። ሰውየው ደኅና ውሎ በድንገት ራሱን ይፈልጠዋል፤ ልቡ ይደልቃል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ ፊቱ አመድ ይመስላል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ሞት የቀረበው ይመስለዋል። ከጥቂት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቆይቶ ይለቀውና እንዳልነበረ ይሆናል። ጎንበስ ሲል፣ ሸክም ሲያነሣ፣ አንዳንዴም ያለ አንዳች ምክንያት ይመለስበታል።

በገጠሩ ይህን ያየ ሰው ምን እንደሚል እናውቃለን። ቡዳ ነው ይባላል፤ ዛር ነው ይባላል፤ ጎረቤት ያሰራበት መተት ነው ተብሎ ጠብ ይነሣል። ታማሚውም ከሐኪም አስቀድሞ የሚመጣው ወደ ካህኑ ነው። እንዲህ የሚሆን ሁሉ ይህ እብጠት አለበት ማለታችን አይደለም፤ ሕመሙ እጅግ ብርቅ ነው፤ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው ከሁለት እስከ ስምንት በሚሆኑት ላይ ቢገኝ ነው። ጭንቀት፣ ሆርሞን የሚያበዛ እንቅርትና የደም ስኳር ማነስም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። ሁሉም ግን ምርመራ የሚሹ ናቸው። ስለዚህ የምንለምነው አንድ ቀላል ነገር ነው፤ ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት የደም ግፊቱ ይለካ። መለኪያው በጤና ጣቢያ ሁሉ አለ። በሕመሙ ሰዓት እጅግ ከፍ ብሎ ሲለቀው የሚወርድ ግፊት ከተገኘ፣ ያ ቁጥር ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር በወረቀት ተጽፎ ለሐኪም ቢደርስ የብዙ ወራት መንከራተት ያሳጥራል።

የዚህ እብጠት ሕክምና ቀዶ ጥገና ነው፤ በአብዛኛው ፈጽሞ ያድናል። እ.ኤ.አ. በ1926 በስዊዘርላንድ ሴዛር ሩ፣ በአሜሪካ ቻርልስ ማዮ በተናጠል አውጥተውታል። በዘመናችን ሕመምተኛው ከቀዶ ጥገናው በፊት ከ7 እስከ 14 ቀን ድረስ የደም ሥሮችን የሚያላላ መድኃኒት እንዲወስድ፣ ጨውና ውኃም እንዲያበዛ ይደረጋል። ይህ ዝግጅት ባይኖር ብዙዎች በማደንዘዣው ሰዓት ይሞቱ ነበር። አዲስ አበባ አልጋ ይዞ «ሁለት ሳምንት ጠብቅ» የተባለ ምእመን ሲገጥመን ቤተሰቡ «ዘመድ ስለሌለን ረሱን» ይላል። ጥበቃው ራሱ ሕክምና ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ከዐሥር አንዱ ያህል ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ይሠራጫል። አስቀድሞ የትኛው እንደሚሠራጭ በማጉያ መነጽር ለይቶ መናገር ስለማይቻል፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው አመዳደብ ሁሉም የመሠራጨት ዐቅም እንዳላቸው እንዲቈጠሩ ተደርጓል። ስለዚህም «ወጣልኝ፣ ዳንሁ» ብሎ ክትትልን መተው አይገባም። ደግሞም ከሦስቱ አንዱ ገደማ በዘር የሚመጣ ነውና የታማሚው ልጆችና ወንድሞች ቢመረመሩ ይበጃል። ይህ የሰውነት አፈጣጠር ጉዳይ እንጂ የቤተሰብ እርግማን አይደለም፤ በጋብቻ ምክር ጊዜ ይህን የሚያነሣ ቢኖር እንዲህ ተብሎ ይመለስለት።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንጥቀስ። የዚህ እብጠት ዘመድ የሆነ፣ በአንገት ደም ሥር አጠገብ የሚበቅል ሌላ እብጠት አለ፤ እርሱ በፔሩና በሜክሲኮ ከፍተኛ ተራሮች በሚኖሩ ሰዎች ላይ ከቆላው ሕዝብ ይልቅ በዝቶ ይታያል፤ ምክንያቱም የአየሩ መሳሳት ነው። እኛም የምንኖረው በጣርማ በር አናት ላይ ስለ ሆነ በአንገት ጎን ቀስ እያለ የሚያድግ እብጠት ሁሉ እንቅርት ነው ተብሎ እንዳይታለፍ እናሳስባለን።

«ተመቸው» የሚባለው ውፍረት

ከቅርፊቱ የሚነሣ እብጠት ኮርቲሶልን ሲያበዛ የሚመጣው ሕመም ኩሺንግ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ከሃርቬይ ኩሺንግ ነው። ፊት ይሞላል፤ ክብ ይሆናል፤ በማጅራት ሥር ሥጋ ይከመራል፤ ሆድ ይገፋል። በአገራችን ፊቱ የሞላ ሰው ሲታይ «ተመቸው» ይባላል፤ ማንም ታሟል አይለውም። ነገር ግን ክንዱና ጭኑ እየመነመኑ ይሄዳሉ፤ ከመቀመጫው ለመነሣት እጁን ይደገፋል፤ በቅዳሴ ጊዜ መቆም ያቅተዋል። ቆዳው ይሳሳል፤ በሆዱ ላይ ሐምራዊ ሸንተረር ይወጣል፤ የደም ስኳሩና ግፊቱ ይጨምራል። በሴቶች ላይ የወር አበባ ይዛባል፤ ጢም ሊያበቅልም ይችላል።

ይህን መልክ ከሁሉ አብዝቶ የሚያመጣው ግን እብጠት አይደለም። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን የተባሉ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ፣ በተለይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ተገዝተው ሲዋጡ ተመሳሳዩን ነገር ያደርጋሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን እየወሰድህ ነው?» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ምርመራ ብዙ ወጪ የለውም፤ ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ አንድ ሚሊ ግራም ዴክሳሜታሶን ተውጦ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደም ይወሰድና የኮርቲሶሉ መጠን ይታያል።

ሦስተኛውን በአጭሩ እንለፈው። አልዶስቴሮንን የሚያበዛው፣ ጄሮም ኮን እ.ኤ.አ. በ1955 የገለጸው ሕመም፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ፖታሲየምንም ያሳንሳል። በወጣትነቱ ግፊት የያዘው፣ ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየወሰደ የማይወርድለት፣ ጡንቻው የሚዝልበት ሰው ይህን ምርመራ ሊጠይቅ ይገባዋል። ቀዶ ጥገና ለማይደረግለት ሰው ስፓይሮኖላክቶን የተባለ ክኒን አለ።

ካንሰር ሲሆን

ከቅርፊቱ የሚነሣው ካንሰር በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ ብቻ የሚታይ ነው፤ ጠባዩ ግን ጨካኝ ነው። በፍጥነት ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም ሆርሞን ይረጫል። በጥቂት ወራት ውስጥ ፊቷ የሞላ፣ ጢም ያበቀለች፣ ድምፅዋ የጎረነነ ሴት ብትኖር አንድ ቀን እንኳ መቆየት የለባትም። ዋናው ተስፋ ሳይሠራጭ በሙሉ ቆርጦ ማውጣት ነው። ለዚህ ካንሰር የሚሰጠው ሚቶቴን የተባለው ክኒን፣ ቆላው ለወባ ሲረጭበት የሚያውቀው የዲዲቲ የቅርብ ዘመድ መሆኑ ያስገርማል። ከሳንባ፣ ከጡትና ከኩላሊት የተነሣ ካንሰርም ወደ አድሬናል ይሠራጫል፤ ያን ጊዜ ሕክምናው የሚወሰነው በመነሻው ካንሰር ነው። ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ደግሞ ኒውሮብላስቶማ የሚባል አለ፤ እናት ልጅዋን ስታጥብ በሆዱ ውስጥ ጠጣር ነገር በእጅዋ ቢገጥማት በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪም ትውሰደው።

እብጠቱ ቲቢ ሊሆንም ይችላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ አዲሰን እ.ኤ.አ. በ1855 ዕጢዎቹ የጠፉባቸውን ሕሙማን ሲገልጽ፣ ከእነዚህ በርካቶቹን ያጠፋቸው ቲቢ ነበር። ቲቢ ባልጠፋበት እንደ እኛ ባለ አገር ይህ ዛሬም የሚታሰብ ነው። ሆርሞኑ ሲጎድል ሰውየው ይዝላል፤ ይከሳል፤ ያስመልሰዋል፤ ጨው ያምረዋል፤ ቆዳውና ድዱ ይጠቁራል። ሕክምናው ቲቢውን ማከምና የጎደለውን ሆርሞን በክኒን መተካት ነው። በ1956 ዓ.ም. መጀመሪያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በዋሽንግተን የተቀበሉት ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ የአድሬናል ሆርሞን ጉድለት ነበረባቸው፤ ዓለምን የሚያህል ሥራ የሠሩት በየቀኑ ክኒናቸውን እየዋጡ ነው።

ክኒኑ፣ ጾሙና ጠበሉ

ሞት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከእብጠቱ ሳይሆን ከዚህ ነው። ኮርቲሶል የሚያበዛ እብጠት ሲወጣ፣ በሌላው ወገን ያለው ጤነኛ ዕጢ ለረጅም ጊዜ ሥራ ፈትቶ ስለ ኖረ ወዲያው አይነሣም። እስኪነሣ ድረስ፣ ይህም ወራት ምናልባትም ከዓመት በላይ ሊሆን ይችላል፣ ታማሚው ፕሬድኒሶሎን ወይም ሃይድሮኮርቲሶን በየቀኑ መውሰድ አለበት። ሁለቱም ዕጢዎች የወጡለት ወይም የጠፉበት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይወስዳል። ክኒኑን በድንገት ያቋረጠ ሰው በቀናት ውስጥ ያስመልሰዋል፤ ግፊቱ ይወርዳል፤ ራሱን ይስታል፤ ይሞታል። ከህመም ማስታገሻ ጋር የሚመሳሰል ክኒን አይደለም፤ «ተሽሎኛል» ተብሎ አይተውም።

ታማሚው ጠበል ሊገባ ቢሻ ማንም አይከለክለውም። ክኒኑን ትቶ እንዲገባ ግን ማንም ሊመክረው አይገባም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ማሳሰባቸው ይታወሳል። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምንና መድኃኒትን ከእግዚአብሔር ሥራ ይቈጥራቸዋል። በጠበል ቦታ የሚያገለግሉ አባቶች ለሚመጣው ሁሉ «ምን ትወስዳለህ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ትኩሳት ለያዘው ወይም ለሚያስመልሰው የስቴሮይድ ተጠቃሚ የክኒኑ መጠን መጨመር እንዳለበት ቢያውቁ፣ ክኒኑ በሆዱ ካልረጋ ደግሞ በመርፌ እንዲሰጠው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ቢልኩት የሰው ነፍስ ያተርፋሉ።

የጾሙ ነገር በቀጥታ የንስሐ አባቶችን ይመለከታል። ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን እንደሚያሳርፍ አባቶች ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። የሚያስቸግረው ታማሚው ራሱ ነው፤ በተለይም ለመቍረብ ሲል የጠዋቱን ክኒን ይዘልላል፤ ለካህኑም አይናገርም። ስለዚህ ካህኑ ራሱ ቢጠይቀው፣ የክኒኑም ሰዓት ሐኪሙና የንስሐ አባቱ በሚያውቁት መንገድ ቢወሰን ይሻላል።

ሰበካ ጉባኤው ገንዘቡን የት ያውል?

እኛ የምንመክረው የመጀመሪያው ገንዘብ ለምርመራ እንዲውል ነው። አብዛኛው ልመና የሚጀመረው «ለቀዶ ሕክምና» ተብሎ ነው፤ ነገር ግን ከብዙዎቹ እብጠቶች ቀዶ ጥገና የሚሹት ጥቂቶቹ ናቸው። የሲቲ ስካኑና የሆርሞን ምርመራው ውጤት ሳይታይ ትልቅ ገንዘብ መሰብሰብ ታማሚውን ያስፈራል፤ ሕዝቡንም ያደክማል። አንዳንዱ የሆርሞን ምርመራ በመንግሥት ሆስፒታል ስለማይገኝ በግል ላቦራቶሪ ይሠራል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከጤና መድን ውጭ ነው። እንግዲህ አጥቢያው ሊሸፍነው የሚገባው ክፍተት ይኸው ነው፤ ከመጓጓዣውና ከአስታማሚው ማደሪያ ጋር።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ምእመን ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የሪፈር ወረቀት እየያዘ መሄድ አለበት፤ ደረጃውን ዘልሎ በቀጥታ አዲስ አበባ ቢገባ መድኑ አይከፍልለትም። ደብረ ብርሃን የሐኪሞች ማሠልጠኛ ሆናለች፤ የዩኒቨርሲቲዋ የጤና ካምፓስ በታላቁ ቀዶ ሐኪም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም መጠራቱም የተገባ ነው። ከዚያ የሚበልጥ ሲሆን ወደ ጥቁር አንበሳ ይላካል።

ታማሚው ሲመለስ ሦስት ወረቀት ይዞ መምጣቱን የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ይመልከት፦ የሲቲ ስካኑን ውጤት ከነ ፊልሙ ወይም ከነ ሲዲው፣ የሆርሞን ምርመራውን፣ ቀዶ ጥገና ተደርጎ ከሆነም የወጣውን እብጠት የመረመረው ክፍል የሰጠውን ወረቀት። ስቴሮይድ ታዝዞለት ከሆነ ደግሞ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ «በድንገት እንዳይቋረጥ» የሚል ቃል በአማርኛ ተጽፎበት፣ ከመታወቂያው ጋር በኪሱ ይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂም በቤተሰቡ ፈቃድ በንስሐ አባቱ ዘንድ ይኑር።